የቡቺ ሰባት ቤት

ግድየለም በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከቤት ይወጣል። ዙሩን የሚጀምረው ከወይዘሮ ሄመን አጥር ነው። ከዚያ የዳቦ ቤቱን ማዕዘን ይዞ የጋሽ ናቲን በር ያልፋል፤ እስከ ታክሲ ማዞሪያው ድረስ ያሉትን አጥሮችም አንድ በአንድ ያዳርሳል። በእያንዳንዱ አጥር ሥር አንድ እግሩን ያነሳል። የሸናበት ግቢ ለዚያ ቀን እንደተጠበቀ ይቆጠራል። ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት ስለሆነ አንዳንድ ቀን ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ ሽንቱ ያልቅበታል። ያን ጊዜ የታችኞቹ ጎረቤቶች ቅሬታ ያሰማሉ።

«ሄሙ፣ ዛሬም እኛን ዘለለን!»

«ውሃ አጠጥቼው ነው የወጣሁት፤ ምን ላድርግ?»

«ነገ ከእኛ በኩል ይጀምርልና! እኛ ሰው አይደለንም?»

«ሰው ስለሆናችሁ ነው የምትጮኹት። እሱ ጮሆ አያውቅም።»

ዘመኑ 2079 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ፈረንሳይ ለጋሲዮን። መንገዱ ያለው አንድ ውሻ ግድየለም ብቻ ነው። ድመት ደግሞ ለሦስት መንገድ አንዲት አለች፤ ማክሰኞና ዓርብ የእነሄመን ተራ ነው። በእነዚህ ቀናት ሰዉ ምሽቱን የጓዳውን በር ከፍቶ ያድራል።

የማምከኛ ሳጥኖቹ ከመጡ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። በየታክሲ ማዞሪያው ይቆማሉ። ውሻው የአጥንት ሽታ ተከትሎ በአንዱ በር ይገባል፤ መክኖ፣ ጆሮው ላይ ሰማያዊ ነጥብ ታትሞበት በሌላው በር ይወጣል። ዋጋው ከአንድ ብርጭቆ ሻይ ያነሰ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውሻ የሌለው ሰው እንኳ የጎረቤቱን ውሻ እየጎተተ ይሰለፍ ነበር፤ ርካሽ ነገር ሲገኝ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። የዘመቻው ግብ በየመንገዱ የሚንከራተቱትን፣ በየቱቦው የሚወለዱትንና በየበዓሉ ማግስት በመኪና የሚዳጡትን መቀነስ ነበር። ግቡ ተመታ። ከዚያም ታለፈ።

ውሾቹ ሲያልቁ ጅቦቹ ከእንጦጦ ወረዱ። ከተማው መጀመሪያ ሊያባርራቸው ሞከረ፤ በኋላ ቀጠራቸው። አሁን በየምሽቱ አንገታቸው ላይ ብርቱካናማ መብራት አስረው ይመጡና ቆሻሻውን ያነሳሉ። ነዋሪው የሚጠራቸው «ሠራተኞቹ» እያለ ነው። ቆሻሻውን ዘግይቶ ያወጣ ሰው «ሠራተኞቹ አለፉ እንዴ?» ብሎ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ግድየለም ግን ሳይጠየቅ ያውቃል። ሠራተኞቹ ከመውረዳቸው ቀደም ብሎ የሄመን አልጋ ሥር ይገባል፤ እስኪያልፉም አይወጣም።

በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ የክፍለ ከተማው የዘር ጽሕፈት ቤት ለግድየለም የዘር ፈቃድ አወጣለት። በየመንገዱ አንድ ውሻ ሳይመክን የሚቆየው ይህን ቀን ሲጠብቅ ነው። ፈቃዱ የሚያገለግለው እስከ ጳጉሜ ማለቂያ ነው። እስከዚያ ካልተጠቀመበት ውሻው ሳጥን ይገባል፤ ፈቃዱም ለሌላ ሰፈር ያልፋል። ተራው ዞሮ ፈረንሳይ እስኪደርስ ሄመን ሰባ ዓመት ያልፋታል። አንድያ ልጇ ሐዋሳ ነች፤ በሳምንት አንድ ቀን ትደውላለች። በቀሩት ስድስት ቀናት ሄመን የምታወራው ከግድየለም ጋር ነው። ግድየለም ደግሞ ሽማግሌ ውሻ ነው፤ ደረጃ ሲወጣ ማቃሰት ጀምሯል። ሄመን የምትፈልገው ነገር አንድ ነበር፤ ግድየለም ሲሞት ከእሱ የተወለደ አንድ ቡችላ ቤቷ እንዲኖር።

የጽሕፈት ቤቱ ማሽን ከየሰፈሩ ውሾች ደም ፈልጎ አንዲት ተስማሚ አገኘ። ስሟ እናያለን ይባላል፤ ጉራራ፣ ጋሽ ኪሩቤል ከሚባሉ ጡረተኛ የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ቤት ነው ያለችው። ሄመን ስልክ ደወለች።

«ማሽኑ ተስማሚ ናቸው ብሏል» አለች።

«ማሽን ለልጄ ባል አይመርጥላትም» አሉ ጋሽ ኪሩቤል። «ሽማግሌ ላኪ።»

ይህ እንግዳ አነጋገር አልነበረም። የዘር ፈቃድ ከሰው ጋብቻ ይልቅ ብርቅ ከሆነ ወዲህ ሰዉ ሥርዓቱን ከሰው ጋብቻ ወስዶለታል። ሄመን ሁለት ሽማግሌዎች መረጠች። አንደኛው ጋሽ ናቲ ነበሩ፤ የእድሩ ሊቀመንበር፣ ነገር የሚያለዝቡ ሰው። ሁለተኛው ጋሽ ዮኒ ነበሩ፤ ዘር በመቁጠር የታወቁ፣ ንግግር ከጀመሩ የማይቆሙ። ጋሽ ዮኒ በታክሲ ማዞሪያው ላይ ያለው የቡቺ ሐውልት ሲመረቅ ዋናውን ንግግር ያደረጉ ሰው ናቸው።

ቡቺን የማያውቅ ፈረንሳይም ጉራራም የለም። ሳጥኖቹ ከመምጣታቸው በፊት የነበረ የሰፈር ውሻ ነው። አንድ ሌሊት ከጅብ ጋር ብቻውን ገጥሞ ጅቡን አባረረ፤ የግራ ጆሮውን ጫፍ ግን ጅቡ ቦጨቀው ይባላል። ቀራፂው ሐውልቱን የሠራው ፎቶግራፍ እያየ ነው። የጎደለውን የጆሮ ጫፍ በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ አድርጎ ነው የተወው። ከሥሩ «ቡቺ፣ ጅብን የመከተ» የሚል ተጽፎበታል። በሰፈሩ ያለ ውሻ ሁሉ የቡቺ ዘር ነው። ቢያንስ ባለቤቶቹ እንደዚያ ይላሉ።

ሐምሌ ውስጥ በአንድ እሑድ ጠዋት ወደ ጉራራ ሄዱ። ግድየለም ታጥቦ፣ ተበጥሮ፣ አንገቱ ላይ አዲስ ቀበቶ ታስሮለት ነበር። ሄመን ግቢው ውስጥ እንድትገባ ተፈቀደላት፤ እንዳትናገር ግን ጋሽ ናቲ በመንገድ ላይ አስጠንቅቀዋታል።

«የወንድ እናት አፏን ስትከፍት ነገር ይበላሻል» አሏት።

«እናቱ አይደለሁም እኮ፣ ጋሼ።»

«ዛሬ ነሽ።»

ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ ቆሙ። ጋሽ ኪሩቤል ወንበር አሳዩአቸው።

«ተቀመጡ እንጂ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ናቲ። «የመጣነው ልጃችሁን እናያለንን ለልጃችን ለግድየለም ለመጠየቅ ነው። ጨዋ ነው። ማንንም ነክሶ አያውቅም። ከቤቱ ሳይነገረው አይወጣም።»

«ይጮሃል?» ሲሉ ጠየቁ ባለቤታቸው እትዬ ብሌን።

ጋሽ ናቲ ወደ ሄመን ዞር አሉ። ሄመን ወደ መሬት አየች።

«ሲያስፈልግ» አሉ ጋሽ ናቲ።

እናያለን ከቤት ወጣች። ቀይ፣ ረጅም እግር ያላት፣ አራት ዓመት የሞላት ውሻ ናት። ግድየለምን አንድ ጊዜ አሸተተችውና አጠገቡ ተኛች። ግድየለም ቀድሞ ተኝቶ ነበር። እትዬ ብሌን «ተግባብተዋል» አሉ። ሁሉም ደስ አላቸው። ጥሎሹ ሁለት ከረጢት የበሬ ታላቅ አጥንት ሆኖ ተነገረ፤ ብዙ ክርክር አልተነሳበትም።

«እንግዲህ ሰባት ቤት ይቆጠር» አሉ ጋሽ ኪሩቤል።

«ማሽኑ እኮ አይቶታል» አሉ ጋሽ ናቲ።

«ማሽኑ ደም ያውቃል፤ ዘመድ አያውቅም።»

ጋሽ ዮኒ የጠበቁት ይህንን ነበር። ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

የውሻ እናት ትታወቃለች፤ አባቱን የሚያውቅ ሰው ግን ብዙ የለም። ነገር ግን ቆጠራው በሰው ልማድ ስለነበር ጋሽ ዮኒ በአባት በኩል ጀመሩ። «ግድየለም» አሉ በጣታቸው እየያዙ። «የግድየለም አባት አትንኩኝ። የአትንኩኝ አባት ተዉት፤ ከዳቦ ቤቱ በላይ የነበረው። የተዉት አባት ሰው አለኝ። የሰው አለኝ አባት ይሁና። የይሁና አባት...» አሉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ «ቡቺ!»

ጋሽ ኪሩቤል አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ከዚያ በተራቸው ቆጠሩ። «እናያለን። አባቷ ማን ያውቃል። የማን ያውቃል አባት ምን ቀረኝ። የምን ቀረኝ አባት ዝም ነው። የዝም ነው አባት አንበሴ። የአንበሴ አባት ቡቺ።»

የጋሽ ዮኒ ጣት በአየር ላይ እንዳለ ቀረ።

«የትኛው ቡቺ?» አሉ ጋሽ ናቲ ቀስ ብለው።

«ስንት ቡቺ አለ?»

እትዬ ብሌን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ወይ ጉድ! ሥጋ ዘመድ ልናጋባ ነበር!» ብለው እናያለንን በአንገቷ ይዘው ወደ ቤት አስገቡ። በሩን ዘጉት። ግድየለም አልነቃም።

ጋሽ ናቲ ነገሩን ለማለዘብ ሞከሩ። «ቆጠራ ነው፤ ሰው ይሳሳታል። ምናልባት በእናንተ በኩል...»

«በእኛ በኩል ምን?»

«አንበሴ የቡቺ ልጅ መሆኑን ያየ አለ?»

«ይሁና የቡቺ ልጅ መሆኑንስ ማን አየ?»

«ሐውልቱ የቆመው እኛ ሰፈር ነው!» አሉ ጋሽ ዮኒ።

«ሐውልቱ እናንተ ጋ ይቁም፤ ቡቺ ትዳሩ እዚህ ነበር!» አሉ ጋሽ ኪሩቤል። «በቅሎ እንኳ አባቷን ብትጠየቅ ፈረሱ አጎቴ ነው አለች አሉ። እናንተ ደግሞ ከሐውልት ተወለድን ትላላችሁ!»

ነገሩ ግልጽ ነበር። ከሁለቱ አንደኛው ወገን «የእኛ የቡቺ ዘር አይደለም» ቢል ዝምድናው ይፈርሳል፤ ጋብቻውም ይሆናል። ማንም አላለም። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ወጡ።

በመንገድ ላይ ሄመን አፏን ከፈተች። «ጋሽ ዮኒ፣ እኛ ብንተወውስ? ይሁና የሌላ ውሻ ልጅ ነው ብንልስ?»

ጋሽ ዮኒ ቆሙ። «ቡቺን እንካድ?»

«ግድየለም ሊመክን ነው እኮ።»

«ይምከን! ስሙን ጥሎ ከሚወልድ ስሙን ይዞ ይምከን።»

«ስሙን የያዘው እሱ አይደለም፤ እርስዎ ነዎት» አለች ሄመን። ከዚያም ግድየለምን እየሳበች ቀድማቸው ሄደች።

ነሐሴ ገባ። ከጉራራ የተላከው መልስ አጭር ነበር፤ እናያለን በወሩ መጨረሻ ለወንድ ትደርሳለች፣ የቡቺን ነገር አጣርታችሁ ካልመጣችሁ ፈቃዱ ለሌላ ይተላለፋል የሚል። ሄመን ሌላ የምትጠይቀው ሰው ስታጣ እማማ ሶልያና ትዝ አሏት።

እማማ ሶልያና ከሐውልቱ ፊት ለፊት ነው የሚኖሩት። ቡቺ በሕይወት ሳለ የሚያድረው በእሳቸው በር ላይ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በእርጥብ ጨርቅ ሐውልቱን ይወለውላሉ። ሄመን ስትደርስ የጀርባውን አቧራ እየጠረጉ ነበር።

«እማማ፣ የጉራራው አንበሴ የቡቺ ልጅ አለመሆኑን ይመስክሩልኝ።»

«አይደለም» አሉ እማማ ሶልያና ጨርቁን እየጨመቁ።

ሄመን ትንፋሿ መለስ አለ። «እግዜር ይስጥልኝ! እንግዲያው ይህንኑ መጥተው...»

«የእናንተውም ይሁና አይደለም።»

«እንዴት?»

«ነይ እዚህ። ጆሮውን እይው።»

ሄመን አየችው። በየቀኑ ያየችው ጆሮ ነበር።

«ጅብ የቦጨቀው ነው» አለች።

«የጅብ ጥርስ በማስመሪያ ነው የሚቆርጠው?»

ሄመን ጣቷን አንስታ ቁራጩ ላይ አስኬደችው። ቀጥ ያለ ነበር። ጉርብጥ የሚል ቦታ አልነበረውም።

«ያኔ ሳጥን የለም» አሉ እማማ ሶልያና። «ልጅ እግር የእንስሳት ሐኪሞች መጥተው ከአጥሩ ሥር ድንኳን ተከሉ። ለሁለት ዳቦ ዋጋ ያመክኑ ነበር። አንዱን ውሻ ሁለቴ እንዳያመክኑት ደግሞ እንደ ምልክት የጆሮውን ጫፍ በመቀስ ይቆርጡታል። ቡቺን በጆንያ ተሸክሜ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ገና ዓመት አልሞላውም፤ ሴት አሽትቶ አያውቅም።»

«ጅቡስ?»

«ጅብ አይቶ አያውቅም። ጅብ ሲጮኽ እኔ አልጋ ሥር ነበር።»

ሄመን ሐውልቱን አየች። ቡቺ ደረቱን ነፍቶ ወደ እንጦጦ ያፈጣል።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ? ሁሉም ይነግሩኝ ነበር እንጂ» አሉ እማማ ሶልያና። «መጀመሪያ አንዱ መጣና ‹ጆሮውን ምን ነካው? ጅብ ነው አይደል?› አለኝ። አፌን ሳልከፍት ‹አውቄያለሁ› ብሎ ሄደ። በማግስቱ አጥንት ይዞለት መጣ። ከዚያ ሌላው አጥንት ይዞ መጣ። ዕድሜውን ሙሉ ጠግቦ በላ። ምን ብዬ ላፍርስበት?»

«አሁንስ?»

እማማ ሶልያና ጨርቁን አጣጠፉ። «አሁን ሞቷል። ያንቺው ግን ገና አለ። መቼ ነው የምንሄደው?»

ሄመን ለጋሽ ናቲና ለጋሽ ዮኒ እውነቱን አልነገረቻቸውም፤ ብትነግራቸው አይሄዱም ነበር። «እማማ ሶልያና የቡቺን ነገር ያጣራሉ» አለቻቸው ብቻ። ጋሽ ዮኒ «እንዲያውም! ምስክር ከተገኘ ጉራራዎች ያፍራሉ» ብለው ባርኔጣቸውን አደረጉ።

ግድየለምን አስከትለው ጉራራ ሄዱና እንደ በፊቱ በረንዳው ላይ ቆሙ። እማማ ሶልያና ግን ሳይባሉ ተቀመጡ።

«ጉልበቴ ሥርዓት አያውቅም» አሉ። ከዚያ ለሄመን የነገሯትን ሁሉ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ምንም ሳይጨምሩ ነገሯቸው። ድንኳኑን፣ ሁለቱን ዳቦ፣ መቀሱን፣ ጆንያውን። ሲጨርሱ «ቡቺ አንድም ልጅ የለውም» አሉ። «ስለዚህ እነዚህ ዘመዳሞች አይደሉም። ይኸው ነው።»

ጋሽ ዮኒ ባርኔጣቸውን አወለቁ። መጀመሪያ የተሰማውም የእሳቸው ድምፅ ነበር። ቀጭን ሆኖ ነው የወጣው።

«እማማ፣ እኔ እኮ ሐውልቱ ሲመረቅ ንግግር ያደረግሁ ሰው ነኝ።»

«ጥሩ ንግግር ነበር» አሉ እማማ ሶልያና።

«እርስዎም እኮ አጨበጨቡ!»

«ጥሩ ነበር አልኩህ እኮ።»

ጋሽ ዮኒ ሳይባሉ ተቀመጡ። ጋሽ ናቲም ተከተሏቸው። ጋሽ ኪሩቤል ብቻ ቆመው ቀሩ።

«ቆይ፣ አንበሴ የቡቺ ልጅ ካልሆነ የማን ልጅ ነው?»

«የውሻ ነዋ!» አሉ እማማ ሶልያና። «ያኔ በየጥጉ ስንት ነበር! ቱቦ ውስጥ ይወለዳሉ፣ አስፋልት ላይ ይሞታሉ። ስም የሚያወጣላቸው የለም። ከእነሱ የአንዱ ነው። የይሁናም አባት እንደዚያው።»

«ስም የሌለው ውሻ?»

«ስም ያለው መክኖ ነበር አልኩህ።»

ጋሽ ኪሩቤል ወደ ቤቱ በር አዩ። ግድግዳው ላይ የቡቺ ፎቶግራፍ፣ ከሥሩ የአንበሴ፣ ከሥሩ የዝም ነው ሥዕል ተሰቅሏል። «ለልጅ ልጆቼ ምን ልበላቸው?» አሉ። «ፎቶውን ላውርደው?»

ያን ጊዜ ሄመን ተናገረች። የወንድ እናት መሆኗን ረስታዋለች።

«ለምን ያወርዱታል፣ ጋሼ? ማንም አልጠየቀዎትም። እዚህ ያለነው ስድስት ሰዎች ነን። ሽማግሌ የሰማው ደግሞ ከግቢ አይወጣም። የምጠይቅዎት እናያለንን ነው እንጂ ቡቺን አይደለም። ቡቺን ሁላችንም እንያዘው።»

ጋሽ ኪሩቤል ወደ ፎቶግራፎቹ ዞሩ። እትዬ ብሌን በክርናቸው ጎነጥ አደረጓቸው።

«ታዲያ ሰው ሰባት ቤት ቆጥራችኋል ወይ ብሎ ቢጠይቅስ?» አሉ ጋሽ ኪሩቤል።

ጋሽ ናቲ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የእድር ሊቀመንበር የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። «እስከ አምስተኛው ቤት ድረስ ተቆጠረ እንላለን። እስከዚያ ዝምድና የለም፤ ይህም እውነት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ለእግዚአብሔር ተተወ።»

«ለእግዚአብሔር ተተወ» አሉ ጋሽ ዮኒ። ቃሉ ደስ አላቸው፤ ባርኔጣቸውንም መልሰው አደረጉ።

እትዬ ብሌን በሩን ከፈቱ። እናያለን ወጣች፣ ግድየለምን አሸተተች፣ አጠገቡ ተኛች። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ከነሐሴ ማለቂያ ጀምሮ ግድየለም ለሳምንት ያህል ጉራራ ሰነበተ። ሄመን በየቀኑ ትደውል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መልሱ «ተኝቷል» ነበር። በአራተኛው ቀን ጋሽ ኪሩቤል ራሳቸው ደወሉ፤ «እንግዲህ ዘመድ ሆነናል» ብለው ዘጉት።

ጳጉሜ አለቀ፤ ፈቃዱም አለቀ። መስከረም ሲገባ የግድየለም ሳጥን የመግቢያ ቀን ደረሰ። ሄመን ከሐውልቱ አጠገብ ወዳለው ሳጥን ወሰደችው። የአጥንት ሽታ ተከትሎ በአንዱ በር ገባ።

በዚያ ወር ሳጥኖቹ ሰማያዊ ቀለም አልነበራቸውም። ቀለሙ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ ጂቡቲ ቆሞ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ሳጥኑ በጥንቱ መመሪያ እንዲሠራ ተደርጎ ነው የተሠራው። ግድየለም በሌላው በር ሲወጣ የግራ ጆሮው ጫፍ አልነበረም። ቁራጩ ቀጥ ያለ ነበር።

ሄመን ወደ ሐውልቱ አየች፤ ወደ ግድየለም አየች። መስኮታቸው ላይ የነበሩት እማማ ሶልያና መጋረጃውን ዝቅ አደረጉት።

ግድየለም ለጥቂት ቀናት ከቤት አልወጣም፤ ዙሩም ቀረ። እንደገና ሲወጣ መጀመሪያ ያየችው የዳቦ ቤቷ ባለቤት ነበረች።

«ውይ! ጆሮውን ምን ነካው?» አለች።

ሄመን አፏን ከፈተች።

«ሠራተኞቹ ናቸው አይደል? እኔ እኮ ያን ቀን ማታ ግርግር ሰምቻለሁ!»

በማግስቱ የታችኞቹ ጎረቤቶች፣ እነዚያ «ዘለለን» ብለው የሚጮኹት፣ አጥንት ይዘው መጡ። ነገ ከእነሱ በኩል እንዲጀምር የጠየቀ ሰው አልነበረም። አንደኛው ግድየለምን ከሐውልቱ ጎን አቁሞ ፎቶግራፍ አነሳው። «ደም አይዋሽም!» አለ። «እስቲ እዩት፤ ያው ጆሮ!» ሄመን ወደ እማማ ሶልያና መስኮት አየች። መጋረጃው አልተነቃነቀም። ግድየለም አጥንቱን ይዞ ተኝቷል።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ እናያለን አራት ቡችሎች ወለደች። ጡት ሲጥሉ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ሄመን ድርሻዋን ልታመጣ ግድየለምን አስከትላ ጉራራ ሄደች። ጋሽ ኪሩቤል በር ላይ ጠበቋት። የቡቺ ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው። ከሥሩ ለአዲስ ፎቶግራፍ የሚሆን ምስማር ተመቷል።

«ሰማሁ!» አሉ ገና ሳይሳሳሙ።

«ምን ሰሙ፣ ጋሼ?»

«የአማቼን ጀግንነት ነዋ! ጉራራ ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው። ሠራተኛው የዳቦ ቤቱን ማዕዘን ታጥፎ ሲመጣ፣ ይኼ፣» ግድየለምን በጣታቸው አሳዩ፤ «ይኼ ሽማግሌ ዘሎ ጉሮሮውን! ሠራተኛው ጆሮውን ያዘ፤ እሱ አልለቀቀም። የአንገቱ መብራት እስኪጠፋ አልለቀቀም! ብሌን፣ ነይ ጆሮውን እዪው! እኔ እኮ ብያለሁ፤ ይህ እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ ከላይ የወረደ ነው!»

እትዬ ብሌን ከቤት ወጡና ጆሮውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቁርጥ ቡቺ» አሉ።

ሄመን ጋሽ ኪሩቤልን አየቻቸው። ነሐሴ ላይ በዚሁ በረንዳ የተባለውን የሰሙ ሰው ናቸው። ፊታቸው ላይ ምንም የተደበቀ ነገር አላገኘችም። ዓይናቸው ያበራል። ከግድየለም ቡችሎች አንዱ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ የተቆረጠውን ጆሮ በድዱ ይዞ ይጎትታል፤ ግድየለም ዓይኑን ጨፍኗል።

አፏን ከፈተች። ጋሽ ኪሩቤል ይጠብቃሉ።

«ጅቡስ ምን ሆነ?» አለች።

«የሕመም ፈቃድ ላይ ነው ይባላል» አሉ ጋሽ ኪሩቤል።

ደረተ ነጩን ቡችላ በዘንቢል ይዛ ስትመለስ መሸት ማለት ጀምሮ ነበር። ከታክሲ ማዞሪያው ሳትደርስ ሠራተኞቹ ከእንጦጦ በኩል ሲወርዱ አየቻቸው። ግድየለም እግሯ መሐል ገባና ራሱን ዘንቢሉ ውስጥ፣ ከልጁ አጠገብ ቀበረ። ሄመን በመንገዱ ዳር ቆማ አሳለፈቻቸው። ብርቱካናማ መብራቶቹን ተራ በተራ ቆጠረች።

ሁሉም ሥራ ላይ ነበሩ።